የሚሌ ግድግዳ ለምን ይሻግታል?

ሚሌ የሚለው ስም በሳይንስ ጽሑፎች ውስጥ ሲነሣ ተከትሎ የሚመጣው ወሬ አብዛኛውን ጊዜ ስለ አጥንት ነው። ከተማዋ ስሟን በምትጋራው ወንዝ አካባቢ፣ ወራንሶ-ሚሌ ተብሎ በሚታወቀው የምርምር ሥፍራ እ.ኤ.አ. በ2016 የተገኘውና በዶክተር ዮሐንስ ኃይለሥላሴ የሚመራው ቡድን በ2019 ይፋ ያደረገው የ3.8 ሚሊዮን ዓመት የራስ ቅል ለዚህ አንዱ ምክንያት ነው። አንባቢ ስለ ሥፍራው ሲያስብ በዓይነ ኅሊናው የሚሣለው ጠጠር፣ አቧራና የሚያንጸባርቅ ፀሐይ ስለሆነ፣ ስለ ሚሌ ሻጋታ መጻፍ ስለ ራስ ዳሸን ግመል እንደ መጻፍ ያለ ቧልት ሊመስለው ይችላል።

ነገሩ ግን ቧልት አይደለም። ከሚሌ እስከ ሎጊያና ሰመራ፣ በሌላው አቅጣጫም እስከ አዋሽ ሰባት ድረስ፣ በብሎኬት ተሠርተው በቆርቆሮ በተከደኑ ቤቶች የሚኖር ሰው ቁም ሣጥኑን ከግድግዳው ፈቀቅ ሲያደርግ ወይም የፍራሹን ጀርባ ሲገለብጥ ጥቁርና አረንጓዴ ነጠብጣብ ቢያገኝ እምብዛም አይደነቅም። ከዚያ በኋላ የሚሆነውም የታወቀ ነው። በረኪና ይረጫል፣ ግድግዳው ይፈተጋል፣ አዲስ ቀለም ይቀባል፤ ጥቂት ወራት ቆይቶ ያው ነጠብጣብ በዚያው ቦታ ብቅ ይላል። በመጨረሻም የቤቲቱ እመቤት ወይም ሠራተኛዋ የቤት አያያዝ አታውቅም ትባላለች።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነት ይህ ወቀሳ ያለ ቦታው የወደቀ መሆኑ ነው። የቤት ሻጋታ ከጽዳት ጉድለት ይልቅ የግንባታ ጉድለት ነው። በቆላ ከተሞቻችን ደግሞ ችግሩን የሚያባብሰው ለደጋ አየር የታሰበ ቤትና ለደጋ አየር የታሰበ ምክር ሳይመዘን እንዳለ ወደ ቆላ መውረዱ ነው።

ሻጋታ ምን ይፈልጋል?

ስለ ሻጋታ ጠባይ ለማስረዳት ከእንጀራ የተሻለ ምሳሌ የለም። እንጀራ በመሶብ ውስጥ 3 ወይም 4 ቀን ሲቆይ ይሻግታል፤ ግድግዳውም ሻገተ የሚባለው በዚያው ቃል ነው፤ ሕዝቡም በአጠራሩ አልተሳሳተም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት እንጀራን ከሚያበላሹት መካከል ፔኒሲሊየም፣ አስፐርጊለስና ራይዞፐስ የተባሉ የፈንገስ ወገኖች እንደሚገኙ አሳይቷል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በዓለም ዙሪያ በቤት ግድግዳም ላይ ዘወትር የሚታዩ ናቸው። (ፔኒሲሊየም እ.ኤ.አ. በ1928 አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ፔኒሲሊንን እንዲያገኝ ምክንያት የሆነው ያው ወገን ነውና፣ ከሻጋታ ጋር ያለን ሒሳብ የዕዳ ብቻ አይደለም።)

ፈንገሱ ለመብቀል ዘር፣ ምግብ፣ ሙቀትና ውሃ ያስፈልጉታል። ዘሩ፣ ማለትም ስፖር ተብሎ የሚጠራው ቅንጣት፣ ከሚሊ ሜትር አንድ መቶኛ እንኳ የማይሞላ በመሆኑ በማንኛውም አየር ውስጥ ይንሳፈፋል፤ ከቤት ጠራርጎ ማስወጣት የሚታሰብ አይደለም። ምግቡ እንጨት፣ ቺፕውድ፣ ካርቶን፣ የቀለም ሽፋን፣ አልፎ ተርፎም በሲሚንቶ ላይ ያረፈ አቧራ ነው። የሙቀቱም ጉዳይ ቢሆን ለሰው የሚስማማው ለሻጋታም ይስማማዋል። በመሆኑም በእጃችን ያለው ብቸኛው መቆጣጠሪያ ውሃ ነው። የግድግዳው ገጽ ላይ ያለው አንጻራዊ እርጥበት ለረዥም ጊዜ ከ80 በመቶ በላይ ከሆነ፣ ምንም ዓይነት የውሃ ጠብታ በዓይን ባይታይም እንኳ፣ አብዛኞቹ የቤት ሻጋታዎች ይበቅላሉ። ጨርሶ ለራሰ ጨርቅ ወይም ቺፕውድ ደግሞ ከ24 እስከ 48 ሰዓት በቂ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ዝናብ ብርቅ በሆነበት፣ ልብስ በተሰጣ በአፍታ በሚደርቅበት ከተማ ግድግዳውን የሚያረጥበው ውሃ ከየት ይመጣል?

የደጋው ምክር በቆላ

በአዲስ አበባ ክረምት ውሃው የሚመነጨው ከቤቱ ውስጥ ነው። የሚፈላው ጀበና፣ የሚጋገረው እንጀራ፣ በክፍል ውስጥ የተሰጣው ልብስ፣ የተኙት ሰዎች ትንፋሽ ሁሉ እንፋሎት ነው፤ ይህ እንፋሎት የቀዘቀዘውን ግድግዳ ሲነካ ወደ ውሃነት ይለወጣል። ስለዚህም «መስኮት ክፈቱ» የሚለው ምክር ትክክል ነው። ውጭ እየዘነበም ቢሆን ትክክል ነው። ምክንያቱም 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ አየር በእንፋሎት ቢሞላ እንኳ በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ የሚይዘው 9 ግራም ያህል ብቻ ነው። ይኸው አየር ቤት ገብቶ ወደ 20 ዲግሪ ሲሞቅ አንጻራዊ እርጥበቱ ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል፤ ሲወጣም የቤቱን እርጥበት ይዞ ይወጣል።

አሁን ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ወደምትገኘው ሚሌ እንውረድ። የውጩ ሙቀት 40 ዲግሪ፣ አንጻራዊ እርጥበቱ 35 በመቶ የሆነበትን ቀን ለስሌት ያህል እንውሰድ። ይህ አየር በቆዳችን ላይ ደረቅ ነው፤ ላባችንን ወዲያው ይልሰዋል። በውስጡ ያለው የውሃ መጠን ግን በአንድ ሜትር ኩብ 18 ግራም ያህል ነው። በዝናብ ከተሞላው የአዲስ አበባ አየር እጥፍ መሆኑ ነው! እንዲህ ያለው አየር ከ21 እስከ 22 ዲግሪ ወደሆነ ሙቀት ሲወርድ እንፋሎቱን መሸከም ይሳነውና ጤዛ ይጥላል። ወደ 24 ዲግሪ ብቻ ቢቀዘቅዝ እንኳ አንጻራዊ እርጥበቱ ከ85 በመቶ በላይ ይሆናል። ሻጋታ የሚፈልገው ደግሞ ይህንኑ ነው።

ሚሌ ውስጥ 24 ዲግሪ የሆነ ግድግዳ ከየት ይገኛል የሚል ካለ፣ መልሱ በየአልጋ ቤቱ፣ በየቢሮውና አቅም ባለው ሰው መኝታ ቤት ላይ ተሰቅሎ የሚያጓራው የአየር ማቀዝቀዣ፣ በተለምዶ ኤሲ የምንለው መሣሪያ ነው። ሚሌ የጅቡቲ መንገድ ከተማ ናት፤ ከኮምቦልቻ በባቲ በኩል የሚወርደው መንገድ ከአዋሽ ከሚመጣው ጋር የሚገናኘው በዚያ ነው፤ የጉምሩክ ኬላውንም የማያውቅ ሾፌር የለም። ሌሊቱን የሚያሳልፈው መንገደኛ በሩን ዘግቶ መሣሪያውን 16 ላይ ያደርገዋል። ግድግዳው፣ የጄሶው ልስን፣ ፍራሹ ይቀዘቅዛሉ። ጎሕ ሲቀድ በሩ ይከፈታል፣ ወይም መብራት ይጠፋና መስኮቱ ይከፈታል፤ የውጩ አየር እየተግተለተለ ገብቶ በቀዘቀዘው ነገር ሁሉ ላይ ያልበዋል። ለደጋ መልካም የነበረው «መስኮት ክፈቱ» እዚህ ላይ ውሃን ወደ ቤት መጋበዝ ሆነ ማለት ነው።

በእርግጥ ኤሲ ራሱ አየሩን ያደርቃል፤ ከጀርባው በቱቦ የሚንጠባጠበው ውሃ ከክፍሉ አየር የተለቀመ እንፋሎት ነው። ይሁን እንጂ ለክፍሉ ከሚገባው በላይ ጉልበት ያለው መሣሪያ ሲተከል ክፍሉን በጥቂት ደቂቃ አቀዝቅዞ ያርፋልና እርጥበቱን ለመልቀም ጊዜ አያገኝም። ውጤቱ ቀዝቃዛና ርጥብ ክፍል ነው። ገዢዎች ትልቁን መሣሪያ መግዛት እንደ ብልኅነት ስለሚቆጥሩት ይህ ነጥብ ሊሰመርበት ይገባል። ቱቦውስ? በቀን በርካታ ሊትር ውሃ የሚያወርደው ያ ቀጭን ቱቦ በብዙ ሕንፃዎች ላይ እንደ ነገሩ ተንጠልጥሎ የራሱን ሕንፃ ግድግዳ ሲያጥብ ይውላል። ባለቤቱ ለአንደኛው ክፍል ማቀዝቀዣ፣ ለሌላኛው ክፍል ምንጭ ገዛ ማለት ነው።

ወንዙና ጨዉ

ሁለተኛው የውሃ ምንጭ ከመሬት ይመጣል። የሚሌ ወንዝ የሚመነጨው ከወሎ ደጋ ነው፤ በከተማዋ ላይ ደመና ሳይታይ ውሃው ሊሞላ የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው። አዋሽም እንዲሁ የሸዋን ክረምት ተሸክሞ ወደ ዳናኪል ይወርዳል። በ2012 ዓ.ም. ነሐሴ ወር አዋሽ ከዳርቻው ወጥቶ በአፋር ክልል በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ከቤታቸው አፈናቅሏል። የጎርፍ ዜና የሚያበቃው ውሃው ሲጎድል ነው፤ የሻጋታ ታሪክ የሚጀምረው ግን ያን ጊዜ ነው። የብሎኬት ግድግዳ ውስጡ ክፍት ስለሆነ ውሃ ያጠራቅማል፤ በላዩ ደርቆ ሳለ ውስጡ ለሳምንታት ርጥብ ሊሆን ይችላል። ተመላሹ ቤተሰብ ግን ቤቱ የጸዳ እንዲመስል ፈጥኖ ፕላስቲክ ቀለም ይቀባዋል። በዚህም ውሃው መውጫ ያጣል።

ጎርፍ ባይኖርም ከመሠረቱ ወደ ላይ የሚሳብ እርጥበት አለ። ሲሚንቶና ብሎኬት በውስጣቸው እጅግ ቀጫጭን ቀዳዳዎች ስላሏቸው፣ የፋኖስ ክር ላምባ እንደሚስብ ሁሉ ከርጥብ አፈር ውሃ ይስባሉ። በመሠረቱና በግድግዳው መካከል የሬንጅ ወይም የወፍራም ፕላስቲክ ንጣፍ ቢደረግ ይህ ይቀር ነበር። ወጪው ከቤቱ ጠቅላላ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው፤ ተሠርቶ ባለቀ ቤት ላይ ልጨምር ቢባል ግን ግድግዳውን እንደ መፍረስ ነው።

እዚህ ላይ ለአፋር ምድር የተለየ አንድ ነገር አለ። በአዋሽ ሸለቆ ያለው አፈር በብዙ ቦታ ጨዋማ ነው፤ በአሚባራ አካባቢ በመልካ ሰዲ የመስኖ እርሻ መሬት በጨው ምክንያት ከጥቅም ውጪ እስከ መሆን መድረሱ በግብርና ባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ከመሬት የሚሳበው ውሃ ይህንን ጨው አሟሙቶ ይዞ ይወጣል፤ ውሃው በግድግዳው ገጽ ላይ ሲተን ጨዉ ነጭ ዱቄት ሆኖ ይቀራል። ብዙ ሰው ይህንን ሻጋታ ነው ብሎ በረኪና ይረጭበታል። መለየቱ ቀላል ነው፤ በውሃ የነከሩት ጣት ሲነካው የሚሟሟና የሚጠፋ ከሆነ ጨው ነው፤ ሻጋታ አይሟሟም። ነገር ግን ጨው ነው ተብሎ ችላ ሊባል አይገባውም። የገበታ ጨው የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት ከ75 በመቶ ሲያልፍ ከአየር ውሃ እየሳበ ራሱን የሚያረጥብ ነገር ነውና፣ ጨው የጠጣ ግድግዳ መሬቱ ከደረቀም በኋላ በየሌሊቱ ይረጥባል። ዛሬ ነጭ የታየበት ቦታ ለነገው ጥቁር ነጠብጣብ የተመቸ ነው። በአሸዋ ምርጫም ላይ እንዲሁ ነው። ግንበኛው አሸዋውን ከየት እንዳመጣው የሚጠይቅ ባለቤት ጥቂት ነው፤ መጠየቅ ግን ነበረበት።

የአፋር ሴቶች ከቅስት እንጨትና ከዘንባባ ሰሌን የሚሠሩት ዳስ ይህ ሁሉ ጣጣ አልነበረበትም። ሰሌኑ አየር ያሳልፋል፣ ርሶ በአንድ ፀሐይ ይደርቃል፣ መሬቱ ሲረጥብም ቤቱ ተነቅሎ በግመል ይጫናል። ወደዚያ እንመለስ ማለቴ አይደለም፤ የከተማ ኑሮ የራሱ ፍላጎት አለው። የምለው፣ ያንን ቤት የሠራችው ሴት አየሯን ታውቅ ነበር፤ የብሎኬቱን ቤት ንድፍ የሠራው ባለሙያ ግን ብዙ ጊዜ ሚሌን አያውቃትም።

ጥፋቱ የማን ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ስለ ቤት ውስጥ እርጥበትና ሻጋታ ባወጣው መመሪያ፣ በርጥብና ሻጋታ ባለበት ቤት መኖር ከሳል፣ ከትንፋሽ ማጠርና ከአስም ጋር የተያያዘ መሆኑን በበቂ ማስረጃ አረጋግጧል። ይህን ያህል ሻጋታ ደኅና ነው የሚል የቁጥር ወሰን ግን አላስቀመጠም፤ ምክሩ እርጥበቱን ማስቀረት ነው። በሌላ በኩል ስለ «መርዘኛው ጥቁር ሻጋታ» የሚነገረው ሁሉ መታመን የለበትም። እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ በአሜሪካ ክሊቭላንድ ከተማ ሕፃናትን ላጠቃው የሳንባ መድማት ምክንያቱ ጥቁር ሻጋታ ነው ተብሎ ነበር፤ የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በ2000 ጉዳዩን እንደገና መርምሮ ግንኙነቱ አልተረጋገጠም ብሏል። ጤነኛ ሰው ግድግዳው ላይ ነጠብጣብ ስላየ ከቤቱ መሰደድ የለበትም። አስም ያለበት ልጅ የሚተኛበት ክፍል ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ይህንን የሚያስረዳ አንድ አሳዛኝ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 በእንግሊዝ አገር ሮችዴል በተባለች ከተማ የሱዳናውያን ልጅ የሆነው የ2 ዓመቱ ሕፃን አዋብ ኢስሐቅ ሞተ። በኅዳር 2022 የአሟሟቱን ምክንያት የመረመረችው ባለሥልጣን፣ ሕፃኑ የሞተው በቤቱ ውስጥ ለረዥም ጊዜ ለሻጋታ በመጋለጡ በደረሰበት ከባድ የመተንፈሻ አካል ሕመም መሆኑን ወሰነች። አባቱ ከ2017 ጀምሮ ለአከራዩ ሲያመለክት ቆይቷል፤ የተሰጠው ምላሽ ቀለም ቀባበት የሚል ነበር። ከዚህም በላይ ሻጋታው የመጣው ከቤተሰቡ አኗኗርና አስተጣጠብ ነው የሚል ግምት ተይዞ ነበር። ከዚህ በኋላ በሕፃኑ ስም የሚጠራው ሕግ በ2023 ወጣ፤ በጥቅምት 2025 ሥራ ላይ ሲውልም የማኅበራዊ ቤቶች አከራዮች አደገኛ እርጥበትንና ሻጋታን በተወሰነ ጊዜ ውስጥ መርምረው እንዲያስተካክሉ አስገደደ።

እኛ ዘንድም የሚባለው ያው ነው፤ ቀለም ቀቢበት፣ ቤቱን በደንብ ያዢው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ዋና ትኩረቱ የኪራይ ጭማሪና የውል ዘመን ነው። ጥሩ ጅምር ነው። ነገር ግን ተከራይና አከራይ በሚፈራረሙት ውል ላይ ጣሪያው ቢያፈስ፣ ቧንቧው ቢያንጠባጥብ፣ ከመሠረቱ እርጥበት ቢመጣ የሚጠግነው ማን እንደሆነ አንድ መስመር ቢጨመር ወረቀት አያስወድድም። ተከራይዋ ልትቆጣጠረው የምትችለው ጀበናዋንና የልብስ ማስጫዋን ነው፤ መሠረቱንና የኤሲውን ቱቦ አይደለም።

ምን ይደረግ?

ሥራው ቅደም ተከተል አለው፤ ቅደም ተከተሉም ከጥንት የታወቀ ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 14 ስለ ቤት ደዌ ሲደነግግ ቤቱ ለ7 ቀን ተዘግቶ እንዲታይ፣ የተበከለው ድንጋይ ወጥቶ ልስኑ እንዲፋቅ፣ እንደገና ተለስኖ ደዌው ከተመለሰ ግን ቤቱ እንዲፈርስ ያዝዛል። ቀለም ስለ መቀባት አንዳች አይናገርም!

መጀመሪያ የውሃው ምንጭ ይፈለግ፤ ይቁም። ቀጥሎ ግድግዳው እስኪደርቅ ይጠበቅ፤ በሚሌ ፀሐይ ይህ ከየትኛውም የደጋ ከተማ ይልቅ ፈጣን ነው። የሻገተ ፍራሽ፣ ቺፕውድና ካርቶን ይወገድ፤ ፈንገሱ ውስጣቸው ዘልቋልና መታጠብ አያድናቸውም። ግድግዳው አፍና አፍንጫን ሸፍኖ በሳሙናና በውሃ ይታጠብ፤ ደርቆ ከተፋቀ ዘሩ ይበተናል። በረኪና ቀለሙን ያነጣል እንጂ በተቦረቦረ ልስን ውስጥ የገባውን ሥር እምብዛም አይደርስበትም። በረኪናን ከአቼቶ ወይም ከሌላ አሲድ ጋር መቀላቀል መርዘኛ የክሎሪን ጋዝ ስለሚያወጣ ፈጽሞ አይደረግ። ለመጨረሻው ቅብ ከፕላስቲክ ቀለም ይልቅ አያቶቻችን የሚያውቁት ኖራ ይመረጣል፤ ጠባዩ ሻጋታ የማይወደው ነው፣ ግድግዳውንም እንዲተነፍስ ይተወዋል፣ ዋጋውም ርካሽ ነው።

በኤሲ ለሚቀዘቅዝ ክፍል ደንቡ የደጋው ተቃራኒ ነው፤ መሣሪያው እየሠራ በርና መስኮት ይዘጋ፣ በኮርኒሱና በመስኮቱ ዙሪያ ያለው ክፍተት ይደፈን፣ ሙቀቱም 16 ላይ ሳይሆን 26 ገደማ ላይ ይደረግ። ኤሲ ለሌለው ክፍል ደግሞ ግድግዳው እንደ አየሩ የሞቀ ስለሆነ እንደ ልብ ይከፈት። በሁለቱም ቁም ሣጥንና አልጋ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ይራቁ። የዱቄትና የበቆሎ ጆንያም እንዲሁ፤ ይልቁንም ከወለሉም ከፍ ይበል። እ.ኤ.አ. በ2004 በምሥራቅ ኬንያ በእርጥበት በተከማቸ በቆሎ ላይ አስፐርጊለስ ባፈራው አፍላቶክሲን 317 ሰዎች ታመው 125ቱ ሞተዋል። ግድግዳ ላይ ያለው ነጠብጣብ ዓይን ያስቀይማል፤ ከግድግዳው ተደግፎ የቆመው ጆንያ ግን ወደ ድስት ይገባል።

የተፈጥሮ ሳይንስ ትምህርት ክፍሎችም ድርሻ አለብን። በሚሌ፣ በሎጊያና በሰመራ ጥቂት ቤቶች ውስጥ የሙቀትና የእርጥበት መለኪያ ሰቅሎ፣ አንዱን በቀዘቀዘው ግድግዳ ላይ ሌላውን በውጭ አድርጎ ዓመቱን ሙሉ መመዝገብ ለሰመራ ዩኒቨርሲቲ ተመራቂ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ይሆናል። ወጪው ከአንድ ጉዞ አበል አይበልጥም። በዚህ መዝገብ ላይ ተመሥርቶ ለአዋሽ ሸለቆ ከተሞች የሚሆን የግንባታ መመሪያ ቢዘጋጅ፣ የመሠረት ንጣፍ፣ የአሸዋ ጨው ምርመራ፣ የግድግዳ ቅብና የኤሲ መጠን በውስጡ ሊካተቱ ይችላሉ።

እስከዚያው የኤሲውን ቱቦ በአንዲት ተጨማሪ ሜትር ማስረዘም ለማንም አይከብድም። ከውስጡ የሚወርደው ውሃ ለመጠጥ ባይሆንም ጨው የለበትም፤ በሚሌ አፈር ላይ ለተተከለች የኒም ችግኝ ከዚህ የተሻለ ውሃ አይገኝም።